የኩልመስኩ ሰው ግራ ጉልበት

የወሰዱኝ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዙር እየሮጡ፣ እኔ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ስከታተል፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎችና አንድ ባዶ እጁን የሆነ ሰው በአጥሩ ክፍተት ገቡ። ባዶ እጁን የሆነው በስሜ ጠርቶኝ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ አሁኑኑ ትመለሳለህ» አለኝ። ተማሪዎቹ መሮጣቸውን አላቆሙም። አቁሙ ያላቸው አልነበረም። መኪናው ሲነሳ ዞሬ ሳያቸው ገና ይሮጡ ነበር።

ያስገቡኝ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ያን ሰሞን መብራትም ስልክም አልነበረም። አስተማሪ፣ አስጎብኚ፣ ነጋዴ፣ ቄስ፣ ማንም ከማን ጋር ተነጋገርክ እየተባለ ይለቀም ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፤ የቆየ ሽምብራ፣ አይጥ፣ የሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ደግሞ ያየሁት ጉልበት ነው። ፊት ከማየቴ በፊት ጉልበት አየሁ። ቦታው ስለጠበበ ሰው ሁሉ ጉልበቱን አጥፎ፣ በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ አገጩን በላዩ አሳርፎ ተቀምጧል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጉልበት ብቻ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ያለው ጠባቂ ገፋ አደረገኝ። ፈርቼ መስሎት ነው። ፈርቻለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ያቆመኝ ሌላ ነገር ነበር። ቀኝ ጉልበቴ አይታጠፍም። ትንሽ ይለመጣል፣ ከዚያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጥ ይላል። እዚያ ውስጥ እንዴት ብዬ ነው የምቀመጠው?

በሩ አጠገብ ጥምጥማቸው የቆሸሸ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ አገልጋዮች አንዱ። ችግሬን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው እግርህን በእኔ ላይ ዘርጋው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ ነውር ነው!»

«ነውሩ ውጭ ቀርቷል። ዘርጋ።»

እግሬን በጭናቸው ላይ ዘረጋሁ። ኀፍረቴ ገና ሳይለቀኝ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር አንድ ሰው ተነሳ። እጁን መሬት ሳያስነካ፣ ግድግዳ ሳይደገፍ፣ ከተጣጠፈበት እንደ ጢስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ማንነቱን ያወቅሁት ፊቱን ከማየቴ በፊት በአነሳሱ ነው።

«ቲቸር! አንተንም አመጡህ?» አለ።

የኩልመስኩ ሰው ነበር። ሁሉም በትውልድ ቦታው እንደዚያ ነው የሚጠራው። በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ፣ አብሬው ልታሰር የማልፈልገው ሰው።

ከእሱ ጋር ያለኝን ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ለከተማችን ቡድን የቀኝ ክንፍ ነበርኩ። እሱ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚያንስ ተቀያሪ ነበር። አንድ ቀን ለጨዋታ ወደ ኮን ሄድን። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተፋፍገን፣ የዋድላ ነፋስ እየመታን ደረስን፤ ከመኪናው ዘለን ወርደን በቀጥታ ሜዳ ገባን። ሰውነት ማሟሟቅ የሚባለውን ያኔ የሚያውቀው አልነበረም፤ የሚያውቅም ቢኖር ፈሪ ይባል ነበር። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ተከላካዩን ላልፈው እግሬን ተከልኩና ሰውነቴን አዞርኩ። ሰውነቴ ዞረ፤ ጉልበቴ አልዞረም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ሌላ ሰው የሰማ አይመስለኝም።

ጉልበቴን በነጠላ አስረው መስመር ዳር አስቀመጡኝ። የኩልመስኩ ሰው በእኔ ቦታ ገባ። ሁለት አገባ። በዚያ ቀን በትከሻቸው ሲሸከሙት፣ እኔም በሌሎች ሰዎች ትከሻ ላይ ነበርኩ፤ እሱ ወደ ሆታው፣ እኔ ወደ ወጌሻ ቤት። ወጌሻው አሸኝ፣ ጎትቶ አሰረኝ፤ አበጠ። ብዙ ወር ቆይቶ ደሴ ያየኝ ሐኪም ጅማቱ መበጠሱን፣ እኔም መዘግየቴን ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ኳስ የምነካው ተማሪ ሲያመልጠው ብቻ ነው።

እሱ ምንም አልበደለኝም። ቢበድለኝ ይቀለኝ ነበር። ተቀያሪ ነበር፣ ግባ አሉት፣ ገባ። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ነጂ ሆነ፤ ባጃጁ ላይ ስሳፈር ሒሳብ አይቀበለኝም፣ ሁልጊዜም «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ይለኛል። ይህን ሲለኝ እጁን ዘርግቶ በር ይከፍትልኛል። ያን እጅ መግፋት ያምረኝ ነበር።

በመጋዘኑ ውስጥ ቅናቴ ሥራ አጥቶ አያውቅም። ሽንት ቤቱ በጣውላ የተከበበ ጉድጓድ ነው፤ መቀመጥ ካልቻልክ ችግር ነው። እኔ በአንድ እጄ ጣውላውን ይዤ፣ ቀኝ እግሬን ወደፊት ዘርግቼ እንደ ተሰበረ ወንበር ዘንበል ስል፣ እሱ ገብቶ ይወጣል፤ እኔ ገና ቦታ እያመቻቸሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ጠዋት ጠዋት አባ ጸሎት ሲመሩ ሰዉ በፈረቃ ይሰግዳል፤ ቦታው ሁሉንም አይበቃም። የኩልመስኩ ሰው ሲሰግድ ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ ድምፅ የለውም። ወርዶ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ ተነስቶ፣ ደግሞ ይወርዳል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። በስግደት ሰዓት የሰው ጉልበት የሚመኝ ሰው ምን ይባላል? አባን ጠየቅኋቸው። ስለማን እንደምናገር ገብቷቸዋል።

«የሚቆምም ያስፈልጋል» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወደ ግቢው ያወጡን ነበር። ግቢው ጠጠር ነው፤ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። የኩልመስኩ ሰው ከካልሲና ከማዳበሪያ ክር ኳስ ሠራ። ሰው ሁሉ ተነቃነቀ። ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የዋለ ሰው ድንገት ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይጠመዘዛል። እኔ ግንቡ ሥር ተቀምጬ ኳሷን ሳይሆን እግሮቻቸውን እመለከት ነበር። ታፋቸው ከስቷል። ጉልበት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ የሚያቆመው የታፋ ጡንቻ ነው። አንዱ እንደሚሰበር አውቄ ነበር፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያላወቅሁት።

ከእኛው ጋር የታሰረ አንድ የኮን ገበሬ ሆነ። ለኳሷ ዘሎ ሲወርድ ቀጥ ባለ እግሩ ጠጠሩ ላይ አረፈ። ጮኸ። ተሸክመን ስናስገባው ጉልበቱ እንደ ቅል ማበጥ ጀምሮ ነበር። ሐኪም እንዲያመጣልን ጠባቂውን ጠየቅነው።

«ሐኪም የለም። እዚህ ኳስ ተጫወቱ ያላችሁ ማን ነው?» አለና በሩን ዘጋው።

አንድ እስረኛ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያሸው ተጠጋ። ከተዘረጋሁበት ሆኜ ጮኽኩ።

«እንዳትነካው! እንዳታሸው!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔም ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ። «በውሃ የራሰ ጨርቅ አምጡ፤ ሲሞቅ እየቀየራችሁ ያዙበት። እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ የሆነ ነገር አስደግፉት። እስኪጎድል ማንም አያሸው፣ እሱም አይርገጥበት።»

የኩልመስኩ ሰው የራሱን ሸሚዝ አውልቆ ውሃ ውስጥ ነከረ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እብጠቱ በቀናት ውስጥ ጎደለ፤ ገበሬው እያነከሰም ቢሆን መሄድ ጀመረ።

ከዚያ የጥበቃው አለቃ መጣ። ቀጭን፣ ቦቱ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። እሁድ ከላይ እንግዶች እንደሚመጡ፣ እስረኞች ከጠባቂዎች ጋር ኳስ እንደሚጫወቱ ነገረን። ቤተሰብም አጥሩ ሥር ቆሞ ማየት እንደሚችል ጨመረ።

ክርክር ተነሳ። አንዳንዱ «ለእነሱ ጌጥ ልንሆን ነው? ተመቻቸው እንዲባል?» አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ምግብ የሚያመጡልን ሰዎች ሳህኑን በር ላይ አስረክበው ነበር የሚመለሱት፤ ባለቤቴን ካየሁ ቆይቻለሁ። አባ ግን «እኔ የልጅ ልጄን በአጥሩ ቀዳዳ ባያት፣ ጌጥ መባሉን እችለዋለሁ» አሉ። በዚህ ተቋጨ።

አምበል የተባለው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ጭብጨባው ሳያልቅ የኩልመስኩ ሰው ወደ እኔ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ፤ ያን ቁጢጥ ማለቱን እንኳ ጠላሁት።

«ቲቸር፣ አንተ አሰልጥነን» አለኝ።

«ጉልበት የሌለው ሰው ምን ያሠለጥናል? አንተ አለህ አይደል።»

«እኔ ስለ ጉልበት አስቤ አላውቅም። አንተ ግን ሌላ ያሰብከው ነገር የለም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የኮኑ ገበሬ ካለበት ሆኖ «ሌላ ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን፣ ቲቸር» አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ገበሬው ግን እግሩን ያስደገፈው በእኔ ጫማ ላይ ነው።

«እሺ» አልኩ። «ኳሷን ግን አስቀምጧት።»

በመጋዘኑ ውስጥ ጀመርን። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ወንበር በሌለበት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሆነው ይቆያሉ፤ ታፋቸው እስኪንቀጠቀጥ። በአንድ እግር ይቆማሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። አንዱ ብርድ ልብስ ላይ ተንበርክኮ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፤ ቀጥ እንዳለ ቀስ እያለ ወደፊት ያዘነብላል፣ የኋላ ታፋው አልችል ሲል ብቻ በእጁ ይቀበላል። ከዚያ ዝላይ። «ስትወርዱ ድምፅ ሳታሰሙ ውረዱ» እላቸው ነበር። «ጉልበታችሁ ይታጠፍ። የጉልበታችሁ ሎሚ ወደ ጣቶቻችሁ አቅጣጫ ይመልከት፤ ወደ ውስጥ አይግባ። መዞር ስትፈልጉ በትንንሽ እርምጃ ዙሩ፣ እግር ተክላችሁ አትጠምዘዙ።»

እኔ እናገራለሁ፤ ማሳየት ግን አልችልም። የሚያሳየው እሱ ነው። «ዝለል» እላለሁ፣ ይዘላል። «ቀስ ብለህ ውረድ» እላለሁ፣ ይወርዳል፤ ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። «እንዴት ያምርበታል!» ይላሉ። ቃሉ የእኔ፣ ጉልበቱ የእሱ። የዘፈኑ ባለቤት እኔ ሆኜ ሽልማቱን የሚወስደው ዘፋኙ እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ የማልፈልገውን እንቅስቃሴ ደጋግሞ እንዲሠራ አዘዝኩት፤ ሲደክመው ለማየት። አልደከመውም።

እንዲህ ሳየው ሳየው አንድ ነገር አየሁ። በቀኝ እግሩ ሲወርድ ሸጋ ነው። በግራ ሲወርድ ግን ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለቅጽበት ብቻ፣ እንደ ጥቅሻ። ሌላ ሰው አያየውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ኮን ላይ እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። ያ ጠጠር፣ ያ አዘንባይ ግቢ፣ አንድ ከጎን የሚመጣ ጠባቂ፣ አለቀ።

ደስ አለኝ። ይህን የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው። ከታሰርኩ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ደስታ ይህ ነበር። ሞቀኝ። እንከን የሌለው የመሰለኝ ሰው እንከን አለው፤ ያውም እኔ ብቻ የማውቀው። ደስታዬን ትንሽ አቆየሁት፤ አንድ ዝላይ፣ ሌላ ዝላይ። ሦስተኛውን ሲዘል ግን የሰማሁት ያንን የደረቅ እንጨት ድምፅ ነው። አልተሰበረም፤ ከትዝታዬ የመጣ ድምፅ ነው። ድምፁን ለሰው መመኘት እንደማልችል ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ግራህ!» አልኩት። «ግራ ጉልበትህ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«የቱ? ይሄ?» ዝቅ ብሎ አየው። «አይሰማኝም እኮ።»

«እኔም አልተሰማኝም ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አደራ ነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ዝላይ «ግራህ!» እላለሁ፣ ያርማል። ሲወርድ፣ ሲቀመጥ፣ ሲሰግድ እንኳ «ግራህ» እያልኩ አስቸገርኩት። አንዴም አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ እተወው ነበር።

እሁድ ደረሰ። እንግዶቹ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ። ቤተሰቦቻችን በአጥሩ ሽቦ ላይ ተጣብቀዋል። ባለቤቴን አየኋት፤ ከስታለች። እጇን አነሳች፣ እኔም አነሳሁ። ጠባቂዎቹ ማሊያና ሸራ ጫማ አድርገዋል። የእኛ ሰዎች ግማሹ በኮንጎ ጫማ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ ነው። በመስመር አቁሜያቸው ሰውነታቸውን ማሟሟቅ እንደጀመሩ አለቃው ፊሽካ ነፋ።

«በቃ፣ ጀምሩ!»

የኩልመስኩ ሰው አለቃውን አላየም። እኔን አየ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው እኔን አዩ።

«አልጨረስንም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሰውነታቸው አልሞቀም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። እንዲህ ከገቡ ጉልበታቸው ይጎዳል።»

«እዚህ የሚያዝ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ግን ሰው ሲሰበር ሐኪም የለም ብላችሁናል።»

ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ግቢው ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር እንግዶቹ ሰሙ። አለቃው ወደ እነሱ ዞር ብሎ አየና ወደ እኔ ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጥርሱ መሀል «ተንበርከክ» አለኝ።

በመጋዘኑ ደጃፍ በጠጠር ላይ ተንበርክከው የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ። ባለቤቴ እያየችኝ ነው። ተማሪዎቼም ከአጥሩ ወዲያ ነበሩ።

«አይታጠፍም» አልኩት።

«ምን?»

«ጉልበቴ። አይታጠፍም።»

ሱሪዬን እስከ ታፋዬ ሰብስቤ አሳየሁት። ጠማማውን፣ የከሳውን፣ ያበጠ አንጓ የመሰለውን ጉልበቴን። ለሐኪም እንጂ ለማንም አሳይቼው አላውቅም፤ ለባለቤቴ እንኳ በብርሃን አላሳየኋትም። አለቃው አየው። ሊገፋኝ እጁን ያነሳ መሰለኝ። ከኋላው ግን አንድ ድምፅ መጣ፤ የጫማ ድምፅ ነው። ሰዎቹ ማሟሟቁን ቀጥለው ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። የኩልመስኩ ሰው ከፊት ሆኖ፣ በአንድ እግር ቆመው፣ ቀይረው፣ ወደ ጎን በትንንሽ እርምጃ ሄደው፣ ተመልሰው፣ ዘለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወርደው። ሳይቸኩሉ። እያንዳንዷን። አባም ግንቡ ሥር ሆነው፣ ያ ሁሉ ዕድሜያቸው ከነጥምጥማቸው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው ግድግዳ ይዘው ቆመዋል።

ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሌላው «ይጨርሱ እንጂ፣ ምን ያስቸኩላል» አለ። አለቃው ወደ ኋላ ተመለሰ። ፊሽካውን በእጁ ጨብጦ ቆመ። እኛ እስክንጨርስ ጠበቀ። ስንጨርስ «ጨርሰናል» አልኩት። ያን ጊዜ ነፋ።

በጨዋታው በአንድ ጎል ተሸነፍን። የእኛን ያገባው የኩልመስኩ ሰው ነው። ጨዋታውን ግን በደንብ አላየሁትም፤ ዓይኔ ከግራ ጉልበቱ አልተነቀለም። መጨረሻ አካባቢ በቴስታ ለመምታት ዘለለ፤ አንድ ግዙፍ ጠባቂ ከጎን መጥቶ አየር ላይ መታው። በአዘንባዩ በኩል፣ በግራ እግሩ፣ በጠጠሩ ላይ ወረደ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። አንድ ትንሽ እርምጃ፣ ሌላ ትንሽ እርምጃ፣ ቆመ። ሰዉ ስለ ኳሷ ጮኸ። እኔ ብቻዬን ስለ ጉልበቱ ተነፈስኩ። በዚያ ቀን ማንም በሰው ትከሻ አልተመለሰም።

ሲያበቃ ለጥቂት ደቂቃ ወደ አጥሩ እንድንጠጋ ፈቀዱ። ባለቤቴ ጣቶቿን በሽቦው አሳልፋ እጄን ያዘች። ስለ ቤቱ፣ ስለ ጤናዋ ጠየቅኋት። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፣

«ያ ልጅ ግን እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!» አለች። «ሲዘል አላየኸውም?»

«አይቻለሁ» አልኳት።

«የወደቀ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ! እንደ ድመት አረፈ እኮ።»

«ጎበዝ ነው» አልኩ። ሌላ ልል የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ዋጥኩት። ስለ ጠማማው ጉልበቴ ምንም አላለችኝም። እጄን ግን አጥብቃ እንደያዘች ነው የለያዩን።

በማግስቱ ቅጣቱ መጣ። እኔ ብቻ ወደ ግቢው እንዳልወጣ ተከለከልኩ። ሌሎቹ ሲወጡ በባዶው መጋዘን ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ቦታ ለብቻዬ ሆኖ። ከውጭ ድምፁን ሰማሁት፤ የኩልመስኩ ሰው ነው፤ «ስትወርዱ ድምፅ ሳታሰሙ! ሎሚው ወደ ጣት!» እያለ ያሠራቸዋል። ቦታዬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ቃሌን ወሰደ፣ አልኩ በልቤ። ተናደድኩ። ከዚያ ቆም ብሎ «እንዲህ ነው ያለን ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም» ሲል ሰማሁ። ይህም አላጽናናኝም። እንደዚያ ያለ ሰው መሆኑ ራሱ ያስቀናል።

የፈቱን እንዳሰሩን ነው፤ ምክንያት ሳይነግሩን። አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና «ወደየቤታችሁ» ተባልን። አባ እጄን ይዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን። የኩልመስኩ ሰው ከፊታችን ይሮጥ ነበር። ተመልሶ መጥቶ ባጃጁን እስኪያመጣ እንድንጠብቀው ለመነን። አባ ጠበቁት። እኔ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ብዙ ጊዜ ሆኗል። ሰዎች ስለዚያ መጋዘን ሲጠይቁኝ ስለ ዱላ፣ ስለ ረሃብ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እሱም ነበር። ለሌሊት ጥያቄ ተጠርተው ያልተመለሱም ነበሩ፤ ስለ እነሱ የሚናገር ከእኔ የተሻለ ሰው አለ። እኔ ስለ ራሴ የማውቀው ይህን ነው። ፍርሃቱን ያሰሩን ሰዎች ሰጡኝ፤ ረሃቡንም እነሱ ሰጡኝ፤ ለሁላችንም እኩል አድርገው ነው የሰጡን። ቅናቱን ግን ከቤቴ ይዤው ነው የገባሁት። ከእኔ በቀር የማንም አልነበረም። ሲፈትሹኝ ቀበቶዬን፣ ፊሽካዬን፣ የጫማዬን ክር ወሰዱ፤ ቅናቱን አላገኙትም። በዚያ ውስጥ፣ ስም እንደሌለው ዕቃ በተቆለልኩባቸው ቀናት፣ እኔ እኔ መሆኔን የሚነግረኝ አንዱ ነገር እሱ ነበር። አላፍርበትም። ደግሞም አልተሻለኝም።

ባለፈው እሁድ ሜዳ ሄድኩ። የአንጋፋዎች ጨዋታ ነበር። የኩልመስኩ ሰው ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጉልበቶቹ ግን አሁንም ጤነኛ ናቸው። ከመሀል ተነስቶ ሁለት ሰው አልፎ አገባ። ተመልካቹ ሁሉ ብድግ አለ፤ እኔም ልነሳ ጀመርኩ። ለመነሳት ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ድንጋዩን ይዤ፣ ግራ እግሬን አስቀድሜ፣ ቀኙን እየጎተትኩ። ቆሜ ስጨርስ ሌሎቹ ተቀምጠው ነበር። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።